ገላን ሳይት ላይ ማታ ማታ የጂፒኤስ ፊክስ የሚጠፋው ለምን ነበር? የአንድ ጉዳይ ጥናት

ይሄን የምጽፈው በዋናነት ሰርቬይንግ ላይ ለምትሰሩ ልጆች ነው፣ ቀጥሎ ስፔስ ፊዚክስና ጂኦፊዚክስ ለምትማሩ፣ ከዛ ደሞ የማታ ሺፍት ሰርቬየር «ፊክስ እምቢ አለኝ» ሲላችሁ ሰነፍ ነው ብላችሁ ለምታስቡ ሳይት ኢንጂነሮች። የባለቤቱንም የኮንትራክተሩንም የመሳሪያውን ብራንድም ስም አልጠራም፣ ለጉዳዩ አይጠቅምም። የሚጠቅመው ጥፋቱ የመሳሪያውም የልጁም እንዳልነበረ በዳታ ማሳየት መቻሉ ነው፣ ሌላውም ሰው እጁ ላይ ባለው ፋይል ይሄንኑ ማረጋገጥ ይችላል።

ቦታው ከቱሉ ዲምቱ አለፍ ብሎ ገላን ነው፣ ጊዜው መጋቢት 2016። ሜዳው ላይ ትልቅ መጋዘን እየተሰራ ነበር። ያንን አካባቢ የሚያውቅ ሰው መሬቱንም ያውቀዋል፣ ጥቁር ዋልካ ነው፣ ክረምት ያብጣል በጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ ፋውንዴሽኑ በፓይል (በጥልቀት ተቆፍሮ በሚቆም ምሰሶ) ነው ዲዛይን የተደረገው። የፓይል ማሽን ደሞ በኪራይ ነው የሚመጣው፣ ቆሞ ቢውልም ሂሳቡ ይቆጥራል፣ በዛ ላይ ክረምት ሳይገባ ማለቅ ስለነበረበት ኮንትራክተሩ ስራውን በሁለት ሺፍት አደረገው፣ ማታም ይቆፈራል።

ማታ ፖይንት የሚያወጣው የአክስቴ ልጅ ነው። ስራው ሲነገር ቀላል ነው፣ እያንዳንዱ ፓይል የሚቆፈርበት መሃል ነጥብ ላይ ችካል መምታት። መሳሪያው አርቲኬ የሚባለው ጂፒኤስ ነው፣ ሁለት ሪሲቨር አለው፣ ቆሞ የሚቀረው ቤዝ፣ የሚዞረው ሮቨር ይባላል። ቤዙ ከሳይቱ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ አንድ ህንፃ ጣሪያ ላይ ተተክሏል፣ ሮቨሩን እሱ በዘንግ ይዞ ይዞራል፣ ቤዙ በሬዲዮ ማስተካከያ ይልክለታል። ኮንትሮለሩ (በእጅ የሚያዘው የሮቨሩ ስክሪን) «ፊክስ» ካለ ስህተቱ 2 ሴንቲ ገደማ ነው ማለት ነው፣ «ፍሎት» ካለ ግን ከአስር ሴንቲ እስከ ሜትር ሊሄድ ስለሚችል ችካል አይመታም፣ ይጠበቃል።

ቀን ላይ ምንም ችግር የለም፣ ተከፍቶ ደቂቃ ሳይሞላ ፊክስ ይይዛል። ማታ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን ግን ነገሩ ይበላሻል። መጀመሪያ ለጥቂት ሰከንድ ፍሎት ሆኖ ይመለሳል፣ ከዛ አንድ ሳተላይት ይጠፋል፣ ከዛ ሶስት አራቱ፣ ከዛ በቃ ፍሎት ላይ ይቀራል፣ ማሽኑ ቆሞ ይጠብቃል፣ ኦፕሬተሩ ይጨቀጭቃል። ወደ 5 ሰዓት፣ 6 ሰዓት ሌሊት ሲጠጋ ደሞ ማንም ምንም ሳይነካው ይስተካከላል። እና ሁሌም አይደለም፣ ሰላም የሆነ ማታም አለ፣ ግራ ያጋባው እሱ ነው፣ ምክንያቱም ልጁ ጠዋት «ትናንት እምቢ አለኝ» ሲል ከትናንት ወዲያ ደህና ሰርቶ ስለነበር የሚያምነው ሰው የለም።

ነገሩ ከመዘግየት ወደ ክስ የተቀየረው በውሸት ፊክስ ነው። አንድ ጠዋት ፎርማኑ፣ እድሜያቸው የገፋ በጣም ጠንቃቃ ሰው ናቸው፣ እንደ ልማዳቸው ሜትር ዘርግተው ማታ የተመቱትን ችካሎች እርስ በርስ ሲለኩ በዲዛይኑ 3 ሜትር መሆን ያለበት 3 ሜትር ከ20 ሆኖ አገኙት። ደግመው ለኩት፣ ያው ነው። ከሱ ቀጥሎ ያለው ደሞ ልክ ነው። ኮንትሮለሩ ላይ ግን ሁሉም ነጥብ «ፊክስ፣ 2 ሴንቲ» ተብሎ ነው የተመዘገበው። ደግነቱ ያ ቦታ ገና አልተቆፈረም ነበር፣ ፎርማኑ ሜትር ባይዘረጉ ኖሮ ፓይሉ ያለቦታው ይቆምና ከላይ የሚመጣው ኮለን ሳይገጥም ይቀር ነበር። ይቺን 20 ሴንቲ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ፣ ቁጥሯ ዝም ብላ የመጣች አይደለችም።

ሳይት ኢንጂነሩ ለልጁ ፊት ለፊት ነው የነገረው፣ «አንተ ተኝተህ ነው የምታድረው፣ ሌሎቹ ስንት ዓመት በዚሁ መሳሪያ ሰርተዋል» ብሎት ደሞዙ እንደሚቆረጥ አሳወቀው። ልጁ ማታውን ደወለልኝ፣ «ወንድም ጋሼ፣ አንተ የተማርከው እላይ ሰማይ ላይ ስላለው ነገር አይደል፣ እስኪ በናትህ ይሄን ነገር እይልኝ» አለኝ። የተማርኩት ስፔስ ፊዚክስ ነው፣ አዮኖስፌር በሚባለው የላይኛው ሰማይ ንጣፍ ላይ ነው የሰራሁት፣ ሰዓቱንና ወሩን ሲነግረኝ ወዲያው የጠረጠርኩት ነገር ነበር፣ ግን ጥርጣሬ ለሳይት ኢንጂነር ማስረጃ አይሆንም፣ መጀመሪያ ሌሎቹን ተጠርጣሪዎች አንድ በአንድ ማየት ያስፈልግ ነበር።

ሳይቱ ላይ ሰው አፍ ላይ የነበሩት ምክንያቶች እነዚህ ናቸው፦ ባትሪው ሲበርደው ይደክማል፣ አጠገቡ ያለው የቴሌ ታወር ይረብሸዋል፣ አንድ ቦታ ጃመር (ሲግናል የሚያፍን መሳሪያ) አለ፣ እና ልጁ ሰነፍ ነው። የቴሌ ታወሩ በቀላሉ ወደቀ፣ ታወር ቀንም ማታም ይሰራል፣ ቀን ካልረበሸ ማታ ብቻ የሚረብሽበት ምክንያት የለም። ባትሪውም ወደቀ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ብርዱ ይብሳል እንጂ አይቀንስም፣ መሳሪያው ግን የሚስተካከለው ያኔ ነው። እኔን በእውነት ያስጨነቀኝ ማንም ያላነሳው አምስተኛ ተጠርጣሪ ነበር፣ እሱም ፓውዛው። የማታ ሺፍት ሲጀመር ጀነሬተር ይነሳል፣ ትላልቅ የኤልኢዲ ፓውዛዎች ይበራሉ፣ ርካሽ ኤልኢዲ ደሞ የሬዲዮ ጩኸት ሊለቅ ይችላል፣ እና የሚበሩት ልክ ችግሩ በሚጀምርበት ሰሞን ነው። ይሄ ካልተጣራ «የሰማይ ነገር ነው» ብሎ መናገር አይቻልም። ያጣራነው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛ ፓውዛው እስኪነጋ እንደበራ ነው የሚያድረው፣ ችግሩ ግን እኩለ ሌሊት ላይ ይጠፋል። ሁለተኛውና ዋናው ቤዙ ነው፣ ቤዙ 2 ኪሎ ሜትር ርቆ ፓውዛም ጀነሬተርም የሌለበት ጣሪያ ላይ ነው ያለው፣ እሱም በዛው ሰዓት ሳተላይት እየጣለ ነበር።

ይሄን ያወቅነው ከቤዙ ጥሬ ዳታ ነው። ብዙ ሰው ይሄን ፋይል ሜሞሪ ሞላ ብሎ ያጠፋዋል፣ እባካችሁ አታጥፉት። ቤዙ በየሰከንዱ ከያንዳንዱ ሳተላይት የሚመጣውን ርቀት፣ የሞገዱን ፌዝ እና የሲግናሉን ጥንካሬ ይመዘግባል። ፋይሉን ራይኔክስ ወደሚባለው የጋራ ፎርማት ቀይሬ መጀመሪያ ጥንካሬውን ብቻ ሰዓት በሰዓት ሳልኩት። አንድ ማሳሰቢያ፣ ፋይሉ ሰዓት የሚይዘው በዓለም አቀፍ ሰዓት አቆጣጠር ነው፣ የኛ ማታ 1 ሰዓት እዛ ላይ 16 ሰዓት ነው የሚሆነው፣ የልጁ ማስታወሻ በኛ ሰዓት፣ የኮንትሮለሩ በፈረንጅ ሰዓት ነበርና ሶስቱን አንድ ላይ ሳያመጡ መተንተን ትርፉ ድካም ነው።

የታየውን በቅርብ ላሳያችሁ። ፀሐይ መጋቢት ላይ 12 ሰዓት ከ40 ገደማ ትጠልቃለች። እስከ 1 ሰዓት ከሩብ ድረስ የሁሉም ሳተላይት መስመር ለስላሳ ነው፣ ከፍ ያለው ሳተላይት 45 ዲቢ አካባቢ ይዞ ይሄዳል። ከዛ ወደ ምዕራብ ካሉት የአንዱ መስመር መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ከ45 ወደ 25 ይወርድና ይመለሳል፣ እንደገና ይወርዳል፣ በመጨረሻ ሪሲቨሩ ሳተላይቱን ይለቀዋል። የሚገርመው በዚሁ ሰዓት ወደ ምስራቅ ያለው ሳተላይት ፍፁም ሰላም ነው። ጃመር እንዲህ አያደርግም፣ ጃመር ሲመጣ ጩኸቱ ሪሲቨሩ ውስጥ ስለሆነ የሁሉንም ሳተላይት ጥንካሬ አንድ ላይ ነው የሚያወርደው። እዚህ ግን አንዱ እየታመመ ሌላው ጤነኛ ነው። ከዛ ግማሽ ሰዓት ገደማ ቆይቶ ያ ጤነኛ የነበረው የምስራቁ መታመም ይጀምራል። የሁለቱ ጨረሮች 350 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የሚያልፉበትን ነጥብ ሳሰላ በመሃላቸው ወደ 200 ኪሎ ሜትር አለ፣ 200 ኪሎ ሜትር በግማሽ ሰዓት ማለት በሰከንድ 110 ሜትር ገደማ ወደ ምስራቅ እየተጓዘ ያለ ነገር ማለት ነው። የምድር ወገብ አካባቢ አዮኖስፌር ማታ ወደ ምስራቅ የሚነዳው በዚህ ዓይነት ፍጥነት፣ በሰከንድ መቶ ሜትር ገደማ መሆኑ ደሞ ድሮ የታወቀ ነው። እዛ ጋ ስደርስ ጥርጣሬዬ ወደ እርግጠኝነት ተቀየረ።

ሁለተኛው ማረጋገጫ ፍሪኩዌንሲው ነው። ጂፒኤስ ኤል1 የሚባለው 1575.42 ሜጋኸርዝ ነው፣ ኤል2 1227.60፣ ኤል5 1176.45። ዝቅ ያለው ፍሪኩዌንሲ በአዮኖስፌር የበለጠ ይጎዳል፣ ዳታው ላይም ኤል2ና ኤል5 ከኤል1 በፊት ነው የሚወድቁት። ጂፒኤስ፣ ግሎናስ፣ ጋሊሊዮ፣ ቤይዱ፣ የማንም አገር ሳተላይት ከዚህ አላመለጠም። ሶስተኛ፣ በጨረሩ መንገድ ላይ ያለው የኤሌክትሮን ብዛት በየደቂቃው ምን ያህል እንደሚዘል የሚለካ ሮቲ የሚባል መለኪያ አለ፣ ከሁለቱ ፍሪኩዌንሲዎች ልዩነት ነው የሚሰላው፣ በተለምዶ በደቂቃ ከ0.5 ዩኒት ካለፈ መበጥበጥ አለ ይባላል። ልጁ ማስታወሻው ላይ «እምቢ አለ» ብሎ የጻፋቸው ማታዎች ሮቲው ከዛ በደንብ ያለፈባቸው ናቸው፣ «ሰላም» ያላቸው ማታዎች ላይ ሮቲው ተኝቷል። ከሰነፍ ሰው እንዲህ ያለ ማስታወሻ አይወጣም።

አሁን ወደ ሰማዩ። ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ያለው አየር በጣም ስስ ነው፣ የፀሐይ አልትራቫዮሌትና ኤክስሬይ አተሙን እየሰበረ ኤሌክትሮን ነፃ ያወጣል፣ አዮኖስፌር የምንለው ይሄን ነው። ታችኛው ንጣፍ 110 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ላይኛውና ወፍራሙ 300 እና 400 ላይ ነው። የምድር ማግኔት መስክ በአብዛኛው ቦታ ወደ መሬት ያዘነበለ ነው፣ አዲስ አበባ ላይ ግን ተጋድሞ ነው የሚያልፈው፣ ምክንያቱም የማግኔት ወገብ የሚባለው መስመር በኛ ላይ ያልፋል። ከጂኦግራፊ ወገብ ጋር አታምታቱት፣ እሱ በኬንያ ነው የሚያልፈው። የማግኔቱ መስመር ግን ደቡብ አሜሪካ ላይ ወደ ደቡብ ወርዶ በፔሩ ያልፋል፣ አፍሪካ ላይ ወደ ሰሜን ወጥቶ ናይጄሪያንና ኢትዮጵያን ይነካል፣ ከዛ ወደ ደቡብ ህንድ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ሌሎች ፕላኔቶችን ማየት ደስ ይላል። የምድር ማግኔት ዘንግ ከመሽከርከሪያ ዘንጓ ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ያዘነብላል፣ ከዛ በተጨማሪ መስኩ ራሱ ወጣ ገባ ነው፣ ለዛ ነው የማግኔት ወገቡ የሚወላገደው። ሳተርን ላይ ካሲኒ መንኮራኩር ስትለካው ሁለቱ ዘንጎች ልዩነታቸው ከአንድ ዲግሪ በጣም ያነሰ ሆኖ ተገኘ፣ ማለትም ምድር እንደ ሳተርን ብትሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ጣጣ የናይሮቢ ሳይት ሰርቬየሮች ጣጣ ነበር። ማርስ ደግሞ ዓለም አቀፍ መስክ የላትም፣ ዓለቷ ላይ የቀሩ ቁርጥራጭ መስኮች ብቻ ናቸው ያሏት፣ ሜቨን የምትባለው መንኮራኩር ከ2014 እ.ኤ.አ ጀምሮ አዮኖስፌሯ እንዴት ወደ ህዋ እየሸሸ እንደሆነ ስትለካ ነበር። ቬነስ ጭራሽ የራሷ መስክ የላትም፣ አዮኖስፌር ግን አላት፣ የፀሐይ ንፋስ በቀጥታ ነው የሚገጥማት። የፕላኔት ማግኔቶስፌርና (የማግኔቱ መስክ የሚገዛው አካባቢ) አዮኖስፌር የሚያጠኑ ሰዎች የሚለፉት ይሄንን ዝምድና ለማወቅ ነው፣ ያው ዝምድና ገላን ላይ የችካል ቦታ ያንቀሳቅሳል፣ እኔን ሁሌ የሚያስደንቀኝ ይሄ ነው።

መስኩ ተጋድሞ ማለፉ ምን ያመጣል? ቀን ላይ ንፋሱና ማግኔቱ አንድ ላይ ሆነው ወደ ምስራቅ የሚያይ የኤሌክትሪክ መስክ ይፈጥራሉ፣ በዚህ ምክንያት 110 ኪሎ ሜትር አካባቢ ከራሳችን በላይ ጠባብና ኃይለኛ ከረንት ይፈሳል፣ ኢኳቶሪያል ኤሌክትሮጄት ይባላል። ፔሩ ሁዋንካዮ ላይ በ1922 እ.ኤ.አ ማግኔቶሜትር (የማግኔት መለኪያ) ሲተከል ቀትር ላይ መስኩ ከሚጠበቀው በላይ ሲጨምር ታየ፣ ስሙን ያወጣለት ሲድኒ ቻፕማን ነው፣ በ1951። እኛ ጋ ደሞ የዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሰሞን ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ካህን ፒየር ጉዊን አራት ኪሎ ላይ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ አቋቋሙ፣ የማግኔት መለኪያው ከ1958 እ.ኤ.አ ጀምሮ ይመዘግባል፣ በሳይንሱ ዓለም ኤኤኢ በሚል ኮድ ይታወቃል። በኔ እምነት አገራችን ለስፔስ ሳይንስ ካበረከተቻቸው ነገሮች ትልቁ ይሄ መዝገብ ነው።

ይሄው የቀን መስክ ኤሌክትሮኑን ወደ ላይ ያነሳዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ታችኛው ንጣፍ ፈጥኖ ይጠፋል፣ አየሩ ወፈር ስለሚል ኤሌክትሮኑና አዮኑ ቶሎ ይገናኛሉ፣ ላይኛው ግን ሰዓታት ይቆያል። እናም ያ የኤሌክትሪክ መስክ አቅጣጫውን ከመቀየሩ በፊት ለአጭር ጊዜ ይጎለብትና ላይኛውን ንጣፍ ሽቅብ ይገፋዋል። አሁን ወፍራሙ ፕላዝማ (የኤሌክትሮንና የአዮን ድብልቁ) ላይ፣ ባዶው ታች ሆነ፣ ከባድ ቀላል ላይ ተቀመጠ ማለት ነው፣ ይሄ ደሞ አይቆምም። ሽሮ ሲንተከተክ ከስር አረፋው እየበሳ እንደሚወጣ ባዶው ከስር በወፍራሙ መሃል እየበሳ ይወጣል፣ ፕላዝማ በብል ይባላል፣ አንዳንዱ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ይወጣል፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ በማግኔት መስመሩ ልክ ይረዝማል፣ ከዛ ወደ ምስራቅ ይነዳል። ግድግዳው ላይ በመቶ ሜትሮች የሚለኩ ብጥብጦች ይፈጠራሉ። ኤል1ን በተለይ የሚጎዳው 400 ሜትር ገደማ የሆነው ብጥብጥ ነው፣ በሰከንድ 100 ሜትር ሲያልፍ ሲግናሉን በየጥቂት ሰከንዱ ያወርደዋል፣ ዳታው ላይ ያየነው ያ መንቀጥቀጥ ይሄ ነው፣ ሲንቲሌሽን ይባላል።

«ቤዝ አለን አይደል፣ ልዩነቱን አያጠፋውም ወይ?» የሚል ጥያቄ ሳይት ኢንጂነሩም አንስቶታል፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። የቀኑን ያጠፋዋል። የኤሌክትሮን ብዛት የሚለካበት አንድ ዩኒት ኤል1ን 16 ሴንቲ ያዘገየዋል፣ ፀሐይ በበረታችበት ዓመት ከሰዓት በኋላ እኛ ጋ ከ100 ዩኒት ሊያልፍ ይችላል፣ ማለትም 16 ሜትር፣ ግን ቤዙም ሮቨሩም ላይ እኩል ስለሚደርስ ሲቀናነስ ይጠፋል። ማታ ግን ብጥብጡ 400 ሜትር ነው፣ ቤዙ 2 ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ ሁለቱ የሚያዩት ሰማይ አንድ አይደለም። በዛ ላይ ሲግናሉ በወደቀ ቁጥር ሪሲቨሩ የሞገድ ቆጠራው ይዘለዋል። አርቲኬ ሴንቲ የሚያወጣው ከሳተላይቱ እስከ አንቴናው ስንት ሙሉ ሞገድ እንዳለ በመቁጠር ነው፣ የኤል1 አንድ ሞገድ 19 ሴንቲ ነው። ቆጠራውን በአንድ አሳስቶ «ፊክስ» ካለ ስህተቱ በዚችው ልክ ዙሪያ ነው የሚመጣው፣ እንደ ሳተላይቶቹ አቀማመጥ ትንሽ ይበዛል ያንሳል። የፎርማኑ 20 ሴንቲ እሷ ናት።

መጋቢት ለምን ሆነ? የብጥብጡ ዋና ወቅት የፀሐይ መጥለቂያው መስመር ከማግኔት መስመሩ ጋር ትይዩ ሲሆን ነው፣ ያኔ የማግኔት መስመሩ ሁለቱም ጫፎች እኩል ይጨልማሉ። እኛ ጋ ኮምፓስ ከእውነተኛው ሰሜን የሚያዘነብለው በጥቂት ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ይሄ የሚሆነው ቀንና ሌሊት እኩል ሲሆኑ፣ በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ ነው። ብራዚል ላይ ኮምፓሱ በጣም ስለሚያዘነብል ወቅታቸው በነሱ ዲሴምበር ነው። «ሌሎቹ ስንት ዓመት ሰርተዋል» ለሚለው ደግሞ መልሱ ፀሐይ ራሷ ናት። ድርጅቱ ከዚህ በፊት የማታ ስራ የነበረው በ2012 ነው፣ ያኔ ፀሐይ በ11 ዓመት ዑደቷ ታች ላይ ነበረች፣ ዝቅተኛው ዲሴምበር 2019 እ.ኤ.አ ነው። ናሳና የአሜሪካው የውቅያኖስና የከባቢ አየር መስሪያ ቤት ኖአ ፀሐይ የዑደቷ ከፍተኛ ምዕራፍ ላይ መድረሷን ያሳወቁት ኦክቶበር 2024 ላይ ነው፣ የገላኑ ስራ የወደቀው እዚህ ጫፍ አጠገብ ነው። መሳሪያው ያው፣ ሰማዩ ሌላ።

በኋላ ግንቦት 2 ቀን 2016 ፀሐይ የምታስነሳው ትልቁ የጂኦማግኔቲክ (የምድር ማግኔት መስክ) ማዕበል ሲመጣና አሜሪካ በዘር ሰሞን በጂፒኤስ የሚነዱ ትራክተሮች ሲስቱ ሳይቱ ላይ «ያ ነገር ይሄ ነበር ለካ» ተባለ። አይደለም። ማዕበል ሌላ ነገር ነው፣ መጋቢት 15 ላይም አንድ ከባድ ነበር፣ የኛ ችግር ግን ከሱ በፊት ጀምሯል፣ ፀጥ ባለ ቀንም ይመጣል። የማታ በብል ማዕበል አያስፈልገውም፣ ፀሐይ መጥለቋ ይበቃዋል። ይሄን መለየት ጠቃሚ ነው፣ ምክንያቱም የማዕበል ማስጠንቀቂያ አይቶ «ዛሬ ሰላም ነው» ብሎ ማታ ስራ የሚጀምር ሰው ይታለላል።

የተደረገው መፍትሄ ውድ አይደለም። ኮንትሮል ፖይንቶቹ ቀን ላይ በአርቲኬ ተለክተው ሳይቱ ዙሪያ በኮንክሪት ተተከሉ፣ ማታ ችካል የሚመታው በቶታል ስቴሽን ሆነ፣ ቶታል ስቴሽን የሚሰራው በብርሃን ነው፣ ለአዮኖስፌር ግድ የለውም። ግዴታ ሆኖ ማታ አርቲኬ ከተነካ መጀመሪያ የሚታወቅ ነጥብ ላይ ቆሞ ማየት፣ ነጥቡን ከያዙ በኋላ ፊክሱን አጥፍቶ እንደገና አስይዞ መድገም፣ ሁለቱ ካልተገጣጠሙ መተው። ፎርማኑም ሜትራቸውን እንደያዙ ቀጠሉ። ግራፎቹን ሳይት ኢንጂነሩ ፊት ዘርግተን ሰዓት በሰዓት አሳየነው፣ ብዙ ጠየቀ፣ በመጨረሻ የደሞዝ ቅነሳውን ደብዳቤ አነሳው።

ለሱ አንድ ነገር ነግሬው ነበር፣ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ይቀንሳል፣ መስከረም ላይ ይመለሳል ብዬ። ሰኔ ላይ ቀነሰ። መስከረም 2017 የአክስቴ ልጅ ለገጣፎ ሌላ ሳይት ላይ ነበር፣ ቤዙን ራሱ ሎግ አስደርጎ ፋይሉን ላከልኝ፣ 2 ሰዓት ገደማ ላይ ያው መንቀጥቀጥ ተመልሷል። በዚህ ጊዜ ግን ሰርቬየሩ ቀድሞ አውቆ ቶታል ስቴሽኑን ተክሎ ነው የጠበቀው።

የሚቀረኝ ቅሬታ የመለኪያ ማነስ ነው። ከማግኔት ወገቡ ስር ሰፊው የብስ ያለው አፍሪካ ላይ ነው፣ የመሬት ላይ መሳሪያ ግን ለረጅም ጊዜ ከሌላው ሁሉ ያነሰው እኛ ጋ ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ እንደተላከችው ሲኖፍስ ያሉ ሳተላይቶች የአፍሪካው በብል ከሌላው ቦታ ለየት እንደሚል ሲያሳዩ ከስር የሚያረጋግጥ መሳሪያ አልነበረም። አገራችን ያፈራቻቸው ሳይንቲስት እንዳሻው ይዘንጋው አምበር በተባለው ፕሮጀክት አዲግራትን ጨምሮ ማግኔቶሜትር ያስተከሉት ይሄን ክፍተት ለመሙላት ነው። የአዲግራቱ ንባብ ከአዲስ አበባው ጋር ሲቀናነስ የኤሌክትሮጄቱ ጥንካሬ ይወጣል፣ ከሱ ደሞ ፕላዝማው በምን ፍጥነት እየወጣ እንደሆነ መገመት ይቻላል። አዲስ አበባ ላይ አዲስ በሚል ስም ለዓለም አቀፉ የጂኤንኤስኤስ (የጂፒኤስና የመሰሎቹ ሳተላይቶች) መረብ ዳታ የሚሰጥ ቋሚ ጣቢያም አለ።

ግን አስቡት፣ ዛሬ ገላን፣ ሰንዳፋ፣ ሱሉልታ፣ ሰበታ፣ ለገጣፎ፣ በየሳይቱ ሁለት ፍሪኩዌንሲ የሚያነብ ጥሩ ጥሩ ቤዝ ቆሟል። እያንዳንዱ በየሰከንዱ ሰማዩን እየለካ ነው፣ ማታ ላይ ፋይሉ ይጠፋል። በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ ከ12 ሰዓት ተኩል ማታ እስከ 7 ሰዓት ሌሊት ቤዙን ሳታጠፉ በ1 ሰከንድ አስመዝግቡት፣ ፋይሉን በቀን ስም ሰጥታችሁ አስቀምጡ፣ ጎን ላይ አንቴናው የት እንደተተከለና ከፍታው ስንት እንደሆነ ጻፉ። ሰበታና ሰንዳፋ ላይ በአንድ ማታ የተቀዳ ሁለት ፋይል ካለ አንዱ በብል ከምዕራብ ከተማዋን አቋርጦ ምስራቅ ለመድረስ ስንት ደቂቃ እንደፈጀበት በቀጥታ መለካት ይቻላል። ፋይል ያለው ሰው ይጻፍልኝ፣ ግራፉን ሰርቼ እመልስለታለሁ።